ጆን ቲንዳል፦ በአየር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ለዓይን የገለጠ ሊቅ

በኢሉባቦር፣ ከመቱ እስከ ጎሬ ባሉት መንደሮች፣ ማለዳ ቡና ሲቆላ ከሣር ክዳን ቤት የሚወጣው ጢስ ጥቁሩ ደን ከኋላው ሆኖ ሲታይ ሰማያዊ መልክ አለው። ይኸው ጢስ ከፍ ብሎ ብሩህ ሰማይ ከኋላው ሲሆን ደግሞ ወደ ቡናማነት ያደላል። ከዚያው አገር ሳይርቁ ወደ ሶር ፏፏቴ ቢወርዱ፣ ከገደሉ ሥር የሚነሣው የውሃ ርጭት ሰማያዊ ሳይሆን ነጭ ሆኖ ይታያል። ጢሱም ርጭቱም በአየር ላይ የተንሳፈፉ ቅንጣቶች ናቸው፤ በመልክ የሚለያዩት በመጠናቸው ምክንያት ነው። የጢሱ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ያነሱ በመሆናቸው ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊውን አብልጠው ይበትናሉ። የፏፏቴው ጠብታዎች ግን ከሞገዱ ርዝመት እጅግ የሚበልጡ ስለሆኑ ቀለማቱን ሁሉ ሳይለዩ ይበትናሉ፤ ስለዚህም ነጭ ይመስላሉ። በግድግዳ ስንጥቅ በኩል ወደ ጨለማ ቤት የሚገባ የፀሐይ ጨረር ቀድሞ ያልታየውን ትቢያ የሚያሳየውም በዚሁ የብርሃን መበተን ነው።

ማንም ሰው በየቀኑ የሚያየውን ይህን ነገር ወደ መመርመሪያ መሣሪያነት ከለወጡት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ የአየርላንዱ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ጆን ቲንዳል ነው። ዛሬ የመርፌ መድኃኒት በሚሞላበትና ረቂቅ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሠራበት ንጹሕ ክፍል ውስጥ አየሩ የሚመረመረው ቲንዳል በሠራበት መርሕ፣ ማለት በብርሃን መበተን ነው። በመቱ ወይም በጎሬ አንዲት ነርስ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ስትከፍት፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከረቂቅ ተሕዋስያን የጸዳ መሆኑን በዓይኗ አይታ ልታረጋግጥ አትችልም። ጽዳቱ የተጠበቀው ወይም የጠፋው ከዚያ በፊት፣ እሷ በማታየው ክፍልና በማታውቃቸው ሠራተኞች እጅ ነው። በመሆኑም የቲንዳል ሕይወት ለታሪክ ያህል ብቻ የሚወሳ አይደለም። በተለይም ከድሎቹ ይልቅ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሽንፈትና ሽንፈቱን የመረመረበት መንገድ ለዛሬው ባለሙያ ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀያሽነት ወደ ሳይንስ

ጆን ቲንዳል ኦገስት 2 ቀን 1820 በአየርላንድ፣ ካርሎ በተባለው አውራጃ ውስጥ፣ ሌይሊንብሪጅ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ በፖሊስነት የሚያገለግል፣ ሀብት ያልነበረው ሰው ነበር፤ ቢሆንም ለልጁ ትምህርት ከፍተኛ ግምት ይሰጥ ነበር። ወጣቱ ቲንዳል በአካባቢው ትምህርት ቤት ሒሳብና የመሬት ቅየሳ ተምሮ በ1839 በመንግሥት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1842 ወደ እንግሊዝ ቢዛወርም፣ ስለ ደመወዝ ማነስና ስለ ሥራው ሁኔታ ከባልደረቦቹ ጋር አቤቱታ በማቅረቡ በ1843 ከሥራ ተሰናበተ። ከዚያም የባቡር ሐዲድ ሥራ በእንግሊዝ አገር እጅግ በተስፋፋባቸው ዓመታት በቀያሽነት ሠራ። የተለካውን ደግሞ የመለካት፣ የሥራውን ውጤት በየዕለቱ የመመዝገብና በግምት አለመርካት ልማዱ በኋላ ዘመን በቤተ ሙከራ ውስጥም ከእርሱ አልተለየም።

በ1847 ኩዊንዉድ ኮሌጅ በተባለው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆነ። በዚያም ከኬሚስቱ ከኤድዋርድ ፍራንክላንድ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱም ወጣቶች በ1848 ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ስመ ጥሩው ሮበርት ቡንሰን ያስተምር የነበረው በዚያ ነው። ቲንዳል ከደመወዙ ያጠራቀመውን ገንዘብ እየቆጠበ ሌት ተቀን አጥንቶ በ1850 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። በ1852 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1853 ደግሞ በሎንዶን የሮያል ኢንስቲትዩሽን የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ተብሎ ተሾመ። በዚያን ጊዜ የተቋሙ ታላቅ ሰው የአንጥረኛ ልጅ የነበረው ማይክል ፋራደይ ነበር። ቲንዳል የፋራደይ የሥራ ባልደረባና ወዳጅ ሆኖ ኖረ፤ ፋራደይ በ1867 ሲሞትም በኃላፊነቱ ተተካ።

ቲንዳል በብዙ መስክ የሠራ ሰው ነው። በአልፕስ ተራሮች የበረዶ ግግሮችን አጥንቷል፤ በ1861ም ቫይስሆርን በተባለው ተራራ ጫፍ ላይ ከመሪዎቹ ጋር የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ወጥቷል። ከ1859 ጀምሮ ባደረገው ልኬት ኦክስጅንና ናይትሮጅን የሙቀትን ጨረር ሳያግዱ ሲያሳልፉ፣ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጨረሩን እንደሚይዙ አስመስክሯል። ዛሬ ስለ ምድር አየር ጠባይ በሚደረገው ጥናት ስሙ የሚነሣው በዚህ ሥራው ነው። ስለ አየር ብናኝ ወደ ምርምር የገባውም ብናኝን ፍለጋ ሳይሆን፣ በጋዞች ላይ ለሚያደርገው ሙከራ ፍጹም ንጹሕ አየር ስላስፈለገው ነበር።

ጨረሩ የገለጠው ነገር

በ1868 ቲንዳል ብርሃን በተናት ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ለማጥናት ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አዘጋጅቶ በውስጡ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ለሙከራው በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ብርሃኑን ፈጽሞ የማይበትን መሆን ነበረበት። ስለዚህ አየሩን በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድና በፖታሽ ውስጥ አሳልፎ አስገባው። ይሁን እንጂ ጨረሩ ሲበራ ቱቦው በሚንሳፈፍ ብናኝ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። በኬሚካል የታጠበው አየር ከጋዝና ከእርጥበት ጸድቷል፤ ከብናኝ ግን አልጸዳም።

ቲንዳል አየሩ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት በአልኮል ኩራዝ ነበልባል ላይ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ አደረገ። በዚህ ጊዜ ብናኙ ጠፋ፤ ቱቦውም በጨረሩ ፊት ጨለማ ሆነ። ከዚህም በመነሣት ከሚንሳፈፈው ብናኝ ብዙው ሊቃጠል የሚችል፣ ማለት ከሕያዋን ነገሮች የመጣ መሆኑን ተረዳ። ከዚያ በፊት የቤት ውስጥ ትቢያ የድንጋይና የአፈር ድቃቂ ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ነበልባሉን በጨረሩ ሥር ሲያደርገው ከነበልባሉ በላይ ጥቁር ጢስ የሚመስል ነገር ይወጣ ነበር። ይህ ግን ጢስ አልነበረም፤ ብርሃን የሚበትን ቅንጣት የሌለበት ባዶ ቦታ ነበር። ቲንዳል ይህን ጥቁር ቦታ ሁሉ የመቃጠል ውጤት አድርጎ ቢወስደውም፣ በኋላ ሎርድ ሬይሊና ጆን ኤይትከን ባደረጉት ጥናት የጋለ አካል ሳያቃጥልም ብናኝን ከአካባቢው እንደሚገፋ ታውቋል። ያየው እውነት ነበር፤ ለማብራሪያው ግን እርማት አስፈልጎታል።

በጃንዋሪ 1870 ስለ ትቢያና ስለ በሽታ በሮያል ኢንስቲትዩሽን በሰጠው ንግግር የአዳራሹን መብራት አጥፍቶ ታዳሚዎቹ የሚተነፍሱትን አየር በጨረሩ አሳያቸው። ንጹሕ መስሏቸው የተቀመጡበት አየር በብናኝ የተሞላ ነበር። ቀጥሎም በጥጥ ውስጥ የተጣራ አየር ወደ ጨረሩ ሲነፋ በዚያ ስፍራ ጥቁር ክፍተት እንደሚታይ አሳየ። ከዚህ የበለጠ ያስደነቀው ግን የሰው እስትንፋስ ነው። አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ወደ ጨረሩ ሲያወጣ የመጀመሪያው ክፍል ብናኝ አለው፤ ከሳንባው ጥልቅ የሚወጣው የመጨረሻው ክፍል ግን ብናኝ የለውም። ይህ ማለት የገባው ብናኝ በሳንባ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ቲንዳል ይህን ዕውቀት ሥራ ላይ ለማዋል በ1871 ለሎንዶን እሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሆን፣ በግሊሰሪን የራሰ ጥጥና ከሰል ያለበት የመተንፈሻ ጭንብል ሠርቶ ጢስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ሞከረው። የሳንባን ሥራ ለጥጥ የሰጠው በዚህ መሣሪያ ነው።

ክርክሩና ሣጥኑ

በዚያ ዘመን ሳይንቲስቶችን የሚያከራክር አንድ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ይኸውም በተቀቀለ መረቅ ውስጥ የሚታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ከየት ይመጣሉ የሚል ነው። በፈረንሳይ ሉዊ ፓስተር ከአየር ጋር በሚመጡ ዘሮች እንደሚፈጠሩ አስረድቶ ነበር። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ሔንሪ ቻርልተን ባስቲያን ግን ሕይወት ከሌለው ነገር በራሳቸው እንደሚፈጠሩ በመጽሐፍና በሙከራ ይከራከር ነበር። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ከ1867 ጀምሮ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከጀርም መጠበቅን ያስተምር ነበር። ባስቲያን ትክክል ከሆነ ይህ ጥንቃቄ ሁሉ መሠረት አይኖረውም፤ ፓስተር ትክክል ከሆነ ግን በየሆስፒታሉ በቁስል መመርቀዝ የሚሞቱት ብዙ ሰዎች ሊድኑ ይችላሉ።

ቲንዳል በ1875 መጸው ወደ ክርክሩ የገባው በገዛ መሣሪያው ነው። የሠራው የእንጨት ሣጥን ከፊት ለፊቱ መስተዋት፣ በግራና በቀኙ ጨረር የሚያልፍባቸው ሁለት መስኮቶች፣ ከኋላው የሚዘጋ በር ነበሩት። በጣራው በኩል መረቅ የሚቀዳበት ረጅም ቀጭን ቱቦ፣ አየር እንዳያስገባ በጎማ ተጠብቆ ይገባል። ወለሉን በስተው የሚያልፉ የሙከራ ቱቦዎች አፋቸው በሣጥኑ ውስጥ፣ ሆዳቸው ከሣጥኑ በታች ይሆናል። ሣጥኑ ፈጽሞ የታሸገ አልነበረም፤ በጣራው ላይ ባሉ ጠማማና ጠባብ ቱቦዎች ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። አየሩ ይገባል፤ ብናኙ ግን በቱቦዎቹ መታጠፊያ ላይ ይቀራል። የሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ በግሊሰሪን ተቀብቷል፤ ስለዚህ የሰፈረ ብናኝ ተጣብቆ ይቀራል፤ ተመልሶ አይነሣም።

ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሳይነካ ይቀመጣል። ይህ ትዕግሥት ምክንያት ነበረው። ጥግግቱ የውሃ ያህል የሆነ የ1 ማይክሮሜትር ቅንጣት ጸጥ ባለ አየር ውስጥ በሰዓት 12 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል፤ የ0.5 ማይክሮሜትሩ ደግሞ 4 ሳንቲሜትር እንኳን አይሞላም። የሣጥኑ አየር መቼ እንደጠራ የሚነግረው ጨረሩ ነው። ጨረሩ ከውጭ እስከ መስኮቱ ድረስ ደምቆ ታይቶ፣ በሣጥኑ ውስጥ ጠፍቶ፣ በሌላው መስኮት በኩል እንደገና ሲታይ፣ በውስጡ የሚንሳፈፍ ብናኝ የለም ማለት ነው። ቲንዳል ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነበር። የሥጋ፣ የዓሣ፣ የአትክልትና የድርቆሽ መረቅ ወደ ቱቦዎቹ ቀድቶ ለ5 ደቂቃ ያህል ከሥር ያፈላቸዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው መረቅ ለወራት ጥርት ብሎ ሲቆይ፣ በተመሳሳይ መንገድ ተፈልቶ በክፍሉ አየር ውስጥ የተተወው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደፍርሶ ይሸታል። ቲንዳል ይህን ውጤት በጃንዋሪ 1876 ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ።

በዚሁ ወቅት ያደረገው ሌላ ሙከራ ደግሞ ለዛሬው ተቆጣጣሪ ባለሙያ እጅግ የቀረበ ነው። በአንድ ዝርግ መደብ ላይ በ10 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 10፣ በጠቅላላው 100 የሙከራ ቱቦዎችን በድርቆሽ፣ በሥጋና ተርኒፕ በተባለው ሥራ ሥር መረቅ ሞልቶ በቤተ ሙከራው አየር ውስጥ ክፍቱን ተዋቸው። ጀርሞቹ በአየር ውስጥ እኩል ተሠራጭተው ቢሆን ቱቦዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በተበላሹ ነበር። የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ቱቦ ሲደፈርስ አጠገቡ ያለው ለቀናት ጥርት ብሎ ይቆይ ነበር። ከዚህም ጀርሞች በአየር ላይ እንደ ደመና ተሰባስበው እንደሚጓዙ፣ በደመናዎቹ መካከልም ባዶ ስፍራ እንዳለ ተረዳ። እንግዲህ በአንድ ነጥብ ላይ የተወሰደ አንድ ናሙና ስለ ክፍሉ ሁሉ ሊመሰክር አይችልም ማለት ነው።

ሽንፈቱ

በ1876 መጸው ቲንዳል ሥራውን ለማጠናከር ያንኑ ሙከራ እንደገና ጀመረ። ሣጥኖቹ የቀድሞዎቹን የመሰሉ ነበሩ፤ ጨረሩም ባዶ መሆናቸውን ይመሰክር ነበር፤ የማፍላቱም ጊዜ አልተለወጠም። ነገር ግን መረቁ ተበላሸ። ሌሎች ሣጥኖች ተሠሩ፤ እነሱም ተበላሹ። ማፍላቱ ከደቂቃዎች ወደ ሰዓታት ተራዘመ፤ አንዳንዱ መረቅ ለሰዓታት ከፈላ በኋላም ተሕዋስያን አፈራ። በጃንዋሪ ድል ያደረገው ሰው በዓመቱ መጨረሻ የገዛ ሙከራው ለተቃዋሚው የሚመሰክር መሰለበት። ባስቲያንን በአደባባይ ነቅፎ ስለነበር ጉዳዩ ክብሩን የሚነካ ነበር። ከክብሩም በላይ በዚህ ሙከራ ላይ እምነታቸውን የጣሉ ሐኪሞች ነበሩ።

በዚህ ጊዜ ሦስት መንገዶች በፊቱ ነበሩ። የመጀመሪያው የማይመቹትን ውጤቶች ትቶ የቀድሞዎቹን ብቻ መያዝ ነው። ሁለተኛው ባስቲያን ትክክል ነው ብሎ እጅ መስጠት ነው። ቲንዳል የመረጠው ሦስተኛውን፣ ማለት በሁለቱ ዓመታት መካከል ምን እንደተለወጠ መፈለግን ነው። የተበላሹትን ሁሉ መዘገበ፤ የመረቁን ዓይነት፣ የመጣበትን ስፍራ፣ የቆየበትን ጊዜ አንድ በአንድ አነጻጸረ። መልሱም የተገኘው በድርቆሹ ነው። ቀደም ሲል ከተጠቀመበት ድርቆሽ ይልቅ አሁን ወደ ቤተ ሙከራው የገባው ያረጀና እጅግ የደረቀ ነበር። ከዚህ ድርቆሽ የሚነሣው ትቢያ መፍላትን የሚቋቋሙ ዘሮች ነበሩበት፤ ትቢያውም በቤተ ሙከራው አየር ተሠራጭቶ፣ ከድርቆሽ ጋር ግንኙነት የሌለውን መረቅ እንኳን ገና ሲዘጋጅ በክሎት ነበር። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን የድርቆሽ ባክቴሪያ መፍላትን የሚቋቋም ስፖር እንደሚያበጅ በዚያው በ1876 አሳትሟል።

ስለዚህ ጥፋቱ የሣጥኑ አየር አልነበረም፤ ጨረሩም አልዋሸም። ጨረሩ የመሰከረው በሣጥኑ አየር ውስጥ የሚንሳፈፍ ብናኝ አለመኖሩን ብቻ ነው፤ በመረቁ ውስጥ ቀድሞ ስለ ገባው ስፖር አልተጠየቀም፤ ሊመልስም አይችልም። ቲንዳል ይህን ለማረጋገጥ በ1877 መጀመሪያ የእጽዋት ሊቁ ጆሴፍ ሁከር በፈቀደለት መሠረት ሙከራውን በኪው የእጽዋት አትክልት ስፍራ ወዳለው አዲሱ የጆድሬል ቤተ ሙከራ አዛወረው። ድርቆሽ ገብቶበት በማያውቀው በዚያ ክፍል ያው መረቅ ጥርት ብሎ ቆየ። ወደ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲመለስም በጣራው ላይ ለብቻው ዳስ አሠራ። የረዳቶቹ ልብስ ከታች ካለው ቤተ ሙከራ ትቢያ ይዞ ሊወጣ እንደሚችል ስለተረዳ፣ ዳሱ በመድኃኒት እንዲጸዳ፣ ሠራተኞቹም በአለባበሳቸው እንዲጠነቀቁ አደረገ። ዛሬ ወደ ንጹሕ ክፍል የሚገባ ሠራተኛ በመግቢያው ላይ ልብሱን የሚለውጠው ከዚሁ ምክንያት የተነሣ ነው።

መፍትሔው

ለሰዓታት ማፍላት ያልገደላቸውን ስፖሮች እንዴት ማጥፋት እንደሚቻል ቲንዳል ያገኘው በዚያው በ1877 ነው። ስፖር ደርቆ እንዳለ ሙቀትን ይቋቋማል፤ በመረቅ ውስጥ ረጥቦ ማደግ ሲጀምር ግን ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ የአንድ አፍታ መፍላት ይገድለዋል። ስለዚህ መረቁን ለአጭር ጊዜ አፍልቶ ለ12 ሰዓት ያህል ማሳደር፣ እንደገና ማፍላት፣ እንደገናም ማሳደር ይበቃል። በየጊዜው ለመብቀል የተነሡት ይሞታሉ፤ የዘገዩት ደግሞ በሚቀጥለው ተራ ይደርስባቸዋል። ለረጅም ሰዓት በአንድ ጊዜ የፈላው መረቅ ሲበላሽ፣ በአጫጭር ጊዜ እየተከፋፈለ የፈላው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ በእርሱ ስም ቲንዳላይዜሽን ተብሎ ተጠራ። በተጫነ እንፋሎት የሚሠራው ማምከኛ ከተስፋፋ በኋላ አስፈላጊነቱ ቢቀንስም፣ ከፍተኛ ሙቀት ለማይችሉ ነገሮች ለብዙ ዘመን አገልግሏል።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ ቲንዳል መረቅ የተሞሉና አፋቸው የታሸገ 60 ብልቃጦች ይዞ ወደ አልፕስ ወጣ። ስድስቱ በመንገድ ተሰብረው ይዘታቸው ተበላሸ፤ 54ቱ ጥርት ብለው ደረሱ። ቤል አልፕ በተባለው ስፍራ 23ቱን በድርቆሽ ማከማቻ ውስጥ፣ 27ቱን ደግሞ ከበረዶ ግግሩ በላይ ባለ ገደል አፋፍ ላይ፣ ነፋሱ ከንጹሕ ተራራ በሚመጣበት አቅጣጫ አፋቸውን ከፈተ። ከዚያም ሁሉንም በአንድ ሞቃት ስፍራ አኖራቸው። በድርቆሽ ቤት ከተከፈቱት 23 ብልቃጦች 21ዱ ተበላሹ፤ በተራራው ላይ ከተከፈቱት 27 ግን አንድ እንኳን አልተበላሸም። መረቁ አንድ ነው፤ ሙቀቱ አንድ ነው፤ የተለየው አየሩ ብቻ ነው። ቲንዳል እነዚህን ሁሉ ሥራዎች ሽንፈቱን ሳይደብቅ አሰባስቦ በ1881 በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ነገር በጻፈው መጽሐፍ አሳተመ።

ከእርሱ በኋላ

የቲንዳል ጨረር ብናኝ መኖሩን ይናገራል፤ ስንት እንደሆነ ግን አይቆጥርም። የመቁጠሩን ሥራ የጀመረው የመርከብ መሐንዲስነት የተማረው ስኮትላንዳዊው ጆን ኤይትከን ነው። እሱ በ1880ዎቹ መጨረሻ በሠራው መሣሪያ እርጥበት ያለው አየር በድንገት እንዲሰፋ ሲደረግ እያንዳንዱ ቅንጣት የውሃ ጠብታ ይለብሳል፤ ጠብታዎቹም በሚሊሜትር ካሬ በተከፋፈለ መስተዋት ላይ ሲወርዱ በአጉሊ መነጽር ይቆጠራሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ የሰው ዓይን በኤሌክትሮኒክ ዓይን ተተካ። አየሩ በቀጭን መሥመር በብርሃን ፊት ሲያልፍ እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ብልጭታ ይሰጣል፤ የብልጭታው ብዛት ቁጥሩን፣ ጥንካሬው መጠኑን ያመለክታል። ይህ መሣሪያ በመሠረቱ የቲንዳል ጨረር ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሳንዲያ ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ዊሊስ ዊትፊልድ የተጣራ አየር በአንድ አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት እየፈሰሰ ብናኙን የሚጠርግበትን ክፍል ሠራ። ቲንዳል ብናኙ እስኪሰፍር ቀናት ሲጠብቅ፣ ዊትፊልድ ብናኙ ሳይሰፍር በሰከንዶች ውስጥ እንዲወጣ አደረገው። በ1963 የመጀመሪያው የአሜሪካ መንግሥት የንጹሕ ክፍል ደረጃ ወጣ፤ በ1999 ደግሞ ዓለም አቀፉ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 14644 ክፍል 1 ታተመ። በዚህ ደረጃ መሠረት በክፍል 5 በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ቅንጣቶች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም፤ በክፍል 9 ግን 35,200,000 ይፈቀዳል። የመርፌ መድኃኒት በሚሞላበት ስፍራ ከዚህ ቁጥር በተጨማሪ የባክቴሪያ ማብቀያ ሳሕኖች ክፍት ሆነው ይቀመጣሉ። ቆጣሪው ቅንጣቱን ይቆጥራል፤ ሕያው ይሁን ሙት ግን አይለይም። ሳሕኑ ሕያውን ይለያል፤ ውጤቱ ግን ከቀናት በኋላ ነው የሚታወቀው። ሁለቱ እንደ ቲንዳል ሣጥንና እንደ መቶዎቹ ቱቦዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

የሕይወቱ ፍጻሜ

ቲንዳል በ1876 ሉዊዛ ሐሚልተን የተባለችውን ወይዘሪት አገባ። ልጅ አልወለዱም፤ እሷ ግን በጽሑፍና በቤተ ሙከራ ሥራው ሁሉ ረዳቱ ነበረች። በ1887 ጤናው ስለደከመ ሥራውን ለቆ ሂንድሄድ በተባለ ኮረብታማ ስፍራ ኖረ። ከወጣትነቱ ጀምሮ እንቅልፍ ያጣ ስለነበር ማታ ክሎራል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ለሆዱ ደግሞ ማግኔዥያ ይወስድ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1893 ጧት ባለቤቱ ማግኔዥያ የሰጠችው መስሏት ከሌላው ጠርሙስ ብዙ ክሎራል ቀድታ ሰጠችው። ስሕተቱ ወዲያው ቢታወቅም፣ ሐኪሞችም ቢደክሙ፣ በዚያው ቀን ማታ በ73 ዓመቱ ዐረፈ። ሉዊዛ ከዚያ በኋላ ወደ 47 ዓመት ያህል ኖራ የባሏን ታሪክ ለመጻፍ ሰነዱን ስትሰበስብ ሕይወቷ በ1940 አለፈ፤ መጽሐፉም የታተመው በሌሎች እጅ በ1945 ነው።

ዕድሜውን ሙሉ በዓይን የማይታየውን ነገር በማሳየት ያሳለፈ ሰው ሁለት ጠርሙሶች ባለመለየታቸው ሞተ። የሉዊዛ ፍቅርና ትጋት ከማንም የማያንስ ነበር፤ ነገር ግን ፍቅርና ትጋት የጠርሙስን ይዘት አይመሰክሩም። በንጹሕ ክፍልም ነገሩ ይኸው ነው። ክፍሉ በደንብ ተሠርቷል፣ ሠራተኞቹ ታማኞች ናቸው፣ ትናንት ውጤቱ ጥሩ ነበር ማለት ዛሬ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የሚመሰክረው የዛሬው ልኬት ነው፤ ልኬቱም ስለተጠየቀው ነገር ብቻ ይመሰክራል። ልኬቱ መጥፎ ሲሆን ደግሞ የባለሙያው ፈተና ይጀምራል። ቁጥሩ እስኪስተካከል ናሙናውን ደጋግሞ ወስዶ መልካሙን ብቻ መመዝገብ ቀላል ነው፤ ቲንዳል በ1876 ይህን አድርጎ ቢሆን ያረጀው ድርቆሽ ባልተገኘ፣ ስፖርን የማጥፊያውም ዘዴ ባልታወቀ ነበር። መጥፎውን ቁጥር መዝግቦ ከየት እንደመጣ የሚፈልግ ባለሙያ፣ ስሙን በማታውቀው ነርስና በመቱ ወይም በጎሬ አልጋ ላይ በተኛው በሽተኛ ፊት ኃላፊነቱን ተወጥቷል።